የመስቀለኛ መንገድ ማሻሻያ ውል ሲሰጥ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ነዋሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ መስቀለኛ መንገድ ለማሻሻል ጨረታ ወጥቶ «አሸናፊው ተለየ» በተባለ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ሱቅ በራፍ። እኔ ለጥቂት ዓመታት በመንገድ ሥራ ሳይት ላይ የሥራ ልኬትና የክፍያ ሰነድ ሳዘጋጅ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ የሚይዘው እኔን ነው። አንድ ዓይነት መልስ ደጋግሜ መናገር ሲሰለቸኝ እዚህ ጻፍኩት። ስለ አንድ የተለየ ፕሮጀክት አይደለም፤ ነገ ከደጅዎ ለሚመጣው ይሆናል ብዬ ነው። ቀናቱና መቶኛዎቹ እንደ ጨረታው ሰነድ ሊለያዩ ስለሚችሉ የመጨረሻው ዳኛ የእርስዎ ሰፈር ውል ነው።

አሸናፊው ከታወቀ ሰነበተ። ሥራው ለምን አልተጀመረም?

ማሸነፍና ውል መፈረም ሁለት ነገር ናቸው፤ ውል መፈረምና ሳይት መረከብ ደግሞ ሌላ ሁለት። ውጤቱ መጀመሪያ ለተጫራቾች ሁሉ በጽሑፍ ይገለጻል። «ተበድያለሁ» የሚል ተጫራች ቅሬታውን የሚያስገባበት አጭር ጊዜ አለ፤ በበኩር ጋዜጣ በሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ብዙ ጊዜ 5 የሥራ ቀን ተብሎ ያዩታል። ቅሬታ ከገባ እስኪመረመር ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ይህን ሰዎች እንደ መጓተት ያዩታል፤ እኔ ግን ቅሬታ የማይቀርብበትን ጨረታ ነው የምጠረጥረው።

ከዚያ አሸናፊው የውል ማስከበሪያ ያስይዛል፤ በተለምዶ የውሉን ዋጋ 10 በመቶ፣ በባንክ ዋስትና ወይም በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ)። ውሉ ይፈረማል። ቅድሚያ ክፍያ የሚፈልግ ከሆነ ለሱም ሌላ ዋስትና ያቀርባል፤ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ነው። ቀጥሎ የሳይት ርክክብ ይመጣል፦ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት፣ አማካሪው (ሥራውን ለባለቤቱ የሚቆጣጠረው የመሐንዲሶች ድርጅት) እና ኮንትራክተሩ ቦታው ላይ ቆመው «ከዚህ እስከዚህ ነጻ ነው፣ ግባና ሥራ» ይባባላሉ። የውሉ ቀን መቆጠር የሚጀምረውም በፎቶ ከታየው የፊርማ ሥነ ሥርዓት ሳይሆን በሰነዱ ከተወሰነው የሥራ መጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ «ስድስት ወር አልፎታል» ከማለትዎ በፊት ቆጠራው የተጀመረበትን ቀን ይጠይቁ።

ሁልጊዜ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው የሚያሸንፈው?

ቴክኒኩን ካለፉት መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። መጀመሪያ የሚታየው የንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ የኮንትራክተርነት ደረጃው፣ ያለው መሣሪያ፣ የሚያቀርባቸው ባለሙያዎችና ከዚህ በፊት የሠራው ተመሳሳይ ሥራ ነው። ይህን ያላለፈ ሰው የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት ይመለስለታል። ፖስታው ሲከፈት ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው በተገኙበት ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሒሳብ ስህተት ካለ ይታረምና ነው ደረጃው የሚወጣው፤ ስለዚህ በንባቡ ቀን አንደኛ የነበረ ሰው በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ቢገኝ የግድ ተንኮል አይደለም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከመሐንዲሱ ግምት፣ ማለት ሥራው ይፈጃል ተብሎ አስቀድሞ ከተሰላው፣ በጣም ወርዶ የተሰጠ ዋጋ አለ። አስፋልቱን፣ ሰብ ቤዙን (ከአስፋልቱ ሥር ያለውን የመሠረት ንጣፍ)፣ ቱቦውን ያየ ሰው «በዚህ ዋጋ ሲሚንቶው እንኳ አይገዛም» ይላል። እንዲህ ያለው ተጫራች ወይ ሒሳብ አላወቀም፣ ወይ ደግሞ ካሸነፈ በኋላ የሚያወጣበትን መንገድ አስቀድሞ አስቧል።

ያ «የሚያወጣበት መንገድ» ምንድን ነው? የመጨረሻው ክፍያስ ለምን ከውሉ ይበልጣል?

የመንገድ ሥራ ውል በብዛት በነጠላ ዋጋ ነው። ማለት፦ በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ቁፋሮ፣ ይህን ያህል ሜትር ኩብ፣ በሜትር ኩብ ይህን ያህል ብር» ተብሎ ይሞላል፤ የሚከፈለው ግን በትክክል ተለክቶ በተሠራው ልክ ነው። በሰነዱ 300 ሜትር ኩብ የተገመተ ቁፋሮ ሲቆፈር 700 ሆኖ ከተገኘ የ700ው ይከፈላል። ብልጥ ተጫራች ሰነዱን አንብቦ የትኛው መጠን ተሳስቶ እንደተገመተ ያውቃል፤ እዚያ ላይ ነጠላ ዋጋውን ይሰቅላል፣ የማይሠራ የሚመስለው ላይ ያወርዳል። ጠቅላላው ሲደመር ዝቅተኛ ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ግን ሌላ ነው።

ይህ ወንጀል አይደለም፤ የዲዛይን ድክመት የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። መስቀለኛ መንገድ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከመሬት በታች ያለውን ማንም በቅጡ ስለማያውቀው። የድሮ የውኃ መስመር፣ በካርታ ላይ የሌለ ቱቦ፣ ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ ሌላ አስፋልት ይወጣል። እኔ ራሴ በአንድ ሳይት ላይ ሁለት ንብርብር የድሮ መንገድ አግኝተን፣ የማንሳቱ ዋጋ በዝርዝሩ ስላልነበረ ሥራው ለሳምንታት ቆሞ አውቃለሁ። አዲስ ሥራ ሲመጣ የሥራ ለውጥ ትዕዛዝ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ዋጋ ይደራደራል፤ ይጸድቃል። በቃል የታዘዘ ነገር ከሁሉ የከፋ የክርክር ዘር ነው።

የብረትና የነዳጅ ዋጋ መናርም ሌላው ምክንያት ነው። አጭር ጊዜ በሚፈጁ ውሎች ላይ የዋጋ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ ያኔ ኮንትራክተሩ ይጨነቃል፣ ሥራው ይቀዘቅዛል።

ለኛ የሚሻለን አደባባይ ነው ወይስ የትራፊክ መብራት?

በየቡናው የምንጨቃጨቅበት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ባለ አራት አቅጣጫ ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሽከርካሪዎች መንገድ እርስ በርሱ የሚነካካበት 32 ነጥብ አለ። ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ ይህ ወደ 8 ይወርዳል። የቀሩት ግጭቶችም ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን የሚነካኩ፣ ፍጥነታቸውም የወረደ ነው። መብራት አይፈልግም፣ ኃይል ሲጠፋም ሥራውን አያቆምም። በዚህ ሚዛን አደባባይ ያሸንፋል።

ደሴ ላይ ግን የመሬቱ አቀማመጥ ያስቸግራል። ከጦሳ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሜዳ የሆነ መስቀለኛ ፈልገው ያግኙ እስቲ! አደባባይ ሲሠራ ቁልቁለቱ በ100 ሜትር ከ4 ሜትር ያህል በላይ ባይወርድ ይመረጣል። ከዚያ ሲብስ ከላይ የሚመጣው ባጃጅ ፍሬን ይዞ፣ ጭነቱም ወደ ውጭ አዘንብሎ ነው የሚዞረው፤ ጭነት መኪና ሲሆን ደግሞ ይገለበጣል የሚያሰኝ ነው። ክረምት ላይ አስፋልቱ ርጥብ ሲሆን ይጨመርበት። ስለዚህ ዳገት ላይ አደባባይ ለመሥራት ቦታውን በቁፋሮና በሙሌት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የድጋፍ ግንብ ማለት ነው፣ ግንቡም ገንዘብ ነው። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ ባሉት ጠባብ መንገዶች ደግሞ ለክቡ የሚበቃ ስፋት ማግኘት ራሱ ቤት ማፍረስ ይጠይቃል። እንዲህ ላለው ቦታ የእግረኛ መቆሚያ ደሴት፣ የተለየ የመታጠፊያ መስመር፣ ማዕዘኑ ላይ መኪና እንዳይቆም መከልከልና በደንብ የተቀባ የመንገድ መስመር ብዙ ለውጥ ያመጣሉ፤ ዋጋቸውም ከአደባባይ ጋር አይወዳደርም።

ኮምቦልቻ ሌላ ጣጣ አላት። ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ እዚያ ይከፈላል፤ አንዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ደሴ፣ አንዱ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር። ደረቅ ወደቡና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲጨመሩበት የሚታጠፈው ተሳቢ ብዙ ነው። ተሳቢ ሲታጠፍ ከ12 ሜትር በላይ የውጭ ሬዲየስ ይፈልጋል፤ የኋላ ጎማው ደግሞ ከፊቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ትንሽ አደባባይ ከሠሩለት በከርብስቶኑ (በጠርዝ ድንጋዩ) ላይ ወጥቶ ያልፋል፤ አንድ ክረምት ሳይሞላው ጠርዙ ይፈርሳል። መፍትሔው በአደባባዩ ዙሪያ ተሳቢ ሊረግጠው የሚችል ዝቅ ያለ ጠንካራ ቀለበት መሥራት ነው። አስፋልቱም ራሱ እዚህ ይፈተናል። አንድ አክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው የመኪናው ዘንግ) የሚያደርሰው ጉዳት ከክብደቱ አራተኛ ኃይል ጋር ተቀራራቢ ነው፦ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ላይ ተሳቢ ፍሬን የሚይዝበትና ቆሞ የሚነሳበት ቦታ ስለሆነ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ይገፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና የሞቀች ናት፤ ሙቀት አስፋልትን ያለሰልሳል። መቆሚያው ላይ ኮንክሪት ቢደረግስ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

መብራትን በተመለከተ፦ መብራት የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ የሚቆጣጠረው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ኃይል ሲጠፋ የሚተካው ሲኖር ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ከጥቂት ወር በኋላ የሚቀረን የቆመ ምሰሶና ከሥሩ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ነው።

ዲዛይኑን ካየሁ መጀመሪያ ምን ልመልከት?

ውኃውን። ሌላው ሁሉ ሁለተኛ ነው።

እንዲህ የምለው በከንቱ አይደለም፤ ሰዎች የአስፋልቱን ውፍረት ይጠይቃሉ፣ የመብራቱን ዓይነት ይጠይቃሉ፣ ዝናቡ ሲወርድ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚጠይቅ የለም። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠራቅሞ። ከጦሳ ጎን የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን እንደ ቦይ ይዞ ነው የሚመጣው። መስቀለኛው ደግሞ ሁለት ቦይ የሚገናኝበት ነው። ውኃ ከአስፋልቱ ሥር ገብቶ የመሠረቱን ንጣፍ ካራሰው፣ ላይ ያለው መኪና ሲረግጠው ንጣፉ ጭቃ ሆኖ ይሸሻል፤ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ተጨማሪ ውኃ ይገባል። ጉድጓድ የሚባለው የዚህ ታሪክ መጨረሻ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ይጠይቁ። ከላይ የሚመጣው ውኃ መስቀለኛው ከመድረሱ በፊት የሚያዝበት መግቢያ አለ ወይ? የቱቦው ስፋት በምን ዝናብ ተሰላ? ቱቦው መጨረሻው የት ነው? ይህ ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። ቱቦ ተቀብሮ፣ ማንሆል ተከድኖ፣ አስፋልት ለብሶ፣ ውኃውን የሚቀበለው ነባሩ ዲች (የመንገድ ዳር ቦይ) ግን ከቱቦው መውጫ ከፍ ብሎ የቀረበት ሥራ በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃው ወደ ላይ አይወጣ! በማንሆሉ ክዳን ተመልሶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። የት ከተማ እንደነበር ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ደሴ ላይ የለቀቅነው ውኃ አይጠፋም። ወደ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይወርዳል። እዚህ መውጫው ሳይታሰብበት የቀረ ቱቦ ከታች ላለው ገበሬና ነዋሪ ጎርፍ ነው፤ ቱቦው ውስጥ የጣልነው ላስቲክም እንዲሁ።

የጉድጓድ ክዳንና የፍርግርግ ብረት መሰረቅም አለ። ዲዛይኑ ላይ ኮንክሪት ክዳን እንዲሆን ማሳሰብ የነዋሪ ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ልጅ በክፍት ማንሆል ላይ ሲያልፍ አይቶ የደነገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራው መቼ ቢጀመር ይሻላል?

ጥቅምት። በመጽሐፉ የተጻፈው «ክረምት ሲያልቅ» ነው፤ ወሎ ውስጥ ግን በልግ አለ። ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው ንጹሕ የሥራ ጊዜ። አፈር ሥራ፣ ሰሌክት (ከሰብ ቤዙ ሥር የሚሞላው የተመረጠ አፈር) እና ሰብ ቤዝ እዚህ ውስጥ ካላለቀ በልጉ ያገኘዋል፤ ከዚያ ደግሞ ክረምት።

የሚሆነው ግን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ውል ለመፈረም ሩጫ ነው። ኮንትራክተሩ ሐምሌ ላይ ሳይት ይረከባል፤ አስፋልቱን ቆፍሮ ይተዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ ጭቃ እንረግጣለን። በዚህ ላይ ቅሬታ የማቀርበው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የሳይት ባለሙያዎችም ያው ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ውሉ ሰኔ ላይ ቢፈረም እንኳ ቁፋሮው መስከረም አልፎ እንዲጀመር በሥራ ፕሮግራሙ ላይ ማስጻፍ። ያን ጊዜ ድረስ ማቴሪያል ማጓጓዝ፣ ከርብስቶን ማምረት፣ ምሰሶ ማንሳት ይቻላል።

ምሰሶው ለምን አሁንም መሃል መንገድ ላይ ቆሟል?

የኤሌክትሪክ ምሰሶ የመብራት ኃይል፣ ፋይበሩ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ቧንቧው የውኃና ፍሳሽ ነው። ኮንትራክተሩ አንዱንም መንካት አይችልም። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ግምት ይመጣል፣ ክፍያ ይፈጸማል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። በሳይት ቋንቋ ይህ ሁሉ «ወሰን ማስከበር» ይባላል፤ ኮንትራክተሩ ለዘገየበት ምክንያት መጀመሪያ የሚያነሳውም ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ለዚህ የጠፋው ቀን ጊዜ ማራዘሚያ ሆኖ ይሰጠዋል፤ ቅጣትም አይቆጠርበትም።

አጥሬ ወይም ሱቄ የማስፋፊያው መስመር ውስጥ ቢገባስ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንደሚከፈል ይደነግጋል። «በቅድሚያ» የሚለውን ቃል ያስምሩበት። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፦ ተነሺው አስቀድሞ ሊነገረውና ሊመከርበት ይገባል፤ ለንብረቱ ከሚገመተው ካሳ ሌላ ለመፈናቀሉም የሚታሰብ ክፍያ አለ። በግምቱ ካልተስማሙ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ ይችላሉ።

ከልምድ አንድ ምክር፦ ገማቾቹ ሲመጡ ቤት ይገኙ። አጥሩ፣ የውኃ ታንከሩ፣ ዛፉ፣ የሱቁ በረንዳ፣ የተነጠፈው ሴራሚክ ሁሉ ይቆጠር፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ የተፈረመበትን ቅጂ ይውሰዱ። በኋላ «ይህም ነበረኝ» ማለት እጅግ ከባድ ነው። ሱቁን ተከራይተው የሚሠሩ ከሆነ ጉዳይዎ ከባለይዞታው ይለያል፤ ስምዎ በመዝገቡ መግባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሲቆፈር ደንበኛ ወደ ሱቄ እንዴት ይገባል? ባጃጁስ የት ይዞራል?

የትራፊክ ማዘዋወሪያ በብዙ ውሎች ላይ ራሱን የቻለ የሥራ ዓይነት ሆኖ በዝርዝሩ ይቀመጣል፤ ማለት ኮንትራክተሩ ይከፈልበታል። ከተከፈለበት ደግሞ መሥራት አለበት፦ ተለዋጭ መንገድ፣ ምልክት፣ የማታ አንጸባራቂ፣ ወደ ሱቆች የሚያስገባ ጊዜያዊ መሻገሪያ። በአንድ ጊዜ አራቱን አቅጣጫ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ግማሽ ግማሹን እየሠሩ ማለፍ ይቻላል። አቧራውን ውኃ መርጨትም እንዲሁ ግዴታው ነው። ጉድለት ባዩ ቁጥር ለተጠሪ መሐንዲሱ (ሳይት ላይ ለሚውለው የአማካሪው ወኪል) ይንገሩ፤ ለዘበኛው መናገር ጥቅም የለውም።

ኮንትራክተሩ ጥሎ ቢጠፋስ? ለመዘግየቱስ ምን ይቀጣል?

በመደበኛ የመንግሥት ግንባታ ውሎች ላይ የተለመደው የመዘግየት ቅጣት በቀን ከሺህ አንድ ነው፤ ጣሪያውም 10 በመቶ። ለምሳሌ ያህል የ40 ሚሊዮን ብር ውል ብንወስድና ቅጣቱ በጠቅላላው ላይ ቢሰላ፣ በቀን 40,000 ብር፣ በ100 ቀን 4 ሚሊዮን ብር ሆኖ ጣሪያው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ውሉን አቋርጦ የውል ማስከበሪያውን የመውረስ መብት አለው። በወረቀት ላይ ጥርስ ያለው ነው። በተግባር ግን ውል ማቋረጥ ማለት የተሠራውን መለካት፣ መከራከር፣ እንደገና ጨረታ ማውጣት ነው፤ አንድ ዓመት እንደ ቀልድ ይሄዳል። ለዚህ ነው መሥሪያ ቤቶች እያስታመሙ የሚጎትቱት። የሚሻለው ዋስትናዎቹ ጊዜያቸው እንዳያልፍ መከታተል ነው፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ዋስትና ተራ ወረቀት ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

መንገዱ የማን እንደሆነ ይወሰናል። በከተማው መሃል ቢያልፍም ዋናው አገር አቋራጭ መስመር የፌዴራል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ጋር ሳይነጋገሩ መስቀለኛውን መነካካት አይሆንም። የውስጥ ለውስጡ የከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ከራሱ ገቢ፣ ከክልል ድጎማ ወይም ከብድርና እርዳታ ፕሮግራም። ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰበው የመንገድ ፈንድ በ1989 የተቋቋመው ለጥገና ነው፤ አዲስ አደባባይ ለመሥራት አይደለም።

ውሉን ማየት እችላለሁ?

መጠየቅ ይችላሉ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። «ውሉን ስጡኝ» ብሎ መግባት ግን በር ያዘጋል። ጠበብ አድርገው በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የውሉ ጠቅላላ ዋጋ፣ የሥራ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን፣ የአማካሪው ስም፣ እና የውኃ ማፋሰሻው የሥራ ዝርዝር። አቤቱታውን በእድር ወይም በሰፈር ሽማግሌዎች ስም ማስገባት ደግሞ ከአንድ ሰው ድምፅ ይበልጣል፤ ወሎ ላይ ሽማግሌ ገብቶ ባዶውን የሚመለስበት ቢሮ ጥቂት ነው።

ሳይት ላይ የሚተከለው ሰሌዳም አለ። ባለቤት፣ አማካሪ፣ ኮንትራክተር፣ ዋጋና ጊዜ ይጻፍበታል። ሰሌዳ የሌለው ሳይት ካዩ የመጀመሪያ ጥያቄዎ እሱ ይሁን።

ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግናል?

ሥራው ሲያልቅ የሚደረገው ጊዜያዊ ርክክብ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተለምዶ አንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ይቆጠራል፤ በዚህ ውስጥ የታየውን የአሠራር ጉድለት ኮንትራክተሩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ከየክፍያው ተቆርጦ የተያዘ ገንዘብ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ። ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፣ ግማሹ እስከ መጨረሻው ርክክብ ይቆያል። ስለዚህ ለዚያ አንድ ዓመት ኮንትራክተሩ የሚፈራው ነገር አለ። ዓመቱ ካለፈና የመጨረሻው ርክክብ ከተፈረመ ጉድጓዱን የሚሞላው የከተማው የጥገና በጀት ነው።

ያ ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድ ክረምት አለ። ነሐሴ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘው ወደ መስቀለኛው ይውጡ። ውኃው የት እንደተኛ፣ የትኛው መግቢያ እንዳልጠጣ፣ የትኛው ማንሆል እንደሚያስመልስ በስልክዎ ይቅረጹ፤ ቀኑንና ቦታውን ጽፈው፣ ለከተማው የመሠረተ ልማት ክፍል በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥተው ያስገቡት። የመጨረሻው ርክክብ ኮሚቴ ሲወጣ ብዙ ጊዜ በጋ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ቆሞ የሚያየው ጉድለት የለም፤ የእርስዎ የነሐሴ ቪዲዮ ግን በፋይሉ ውስጥ ይጠብቀዋል።